የአቢ ሮዱ ፎቶግራፍና የእኛ ፎቶ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጋዜጣ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ጋዜጣው ሥራ ጥቂት እንድንናገር ጠይቀውን ነበር። እኛ የጋዜጣ ክፍሉ ሦስት ሴቶች ነን። ጽሑፍ እንሰበስባለን፣ ፊደል እናርማለን፣ ፎቶ እንመርጣለን። ስለ ጽሑፉና ስለ ፊደሉ ብዙ የምንለው የለንም። ግድፈት ያገኙ እህቶች ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉልናል፤ እግዜር ይስጣቸው። ዛሬ መናገር የምንፈልገው ስለ ፎቶ ነው። መጀመሪያ ዓለም ስለሚያውቀው አንድ ፎቶ እናወራችኋለን። ከዚያ አምና በሽፋናችን ላይ ስላወጣነው ፎቶ ሳንነግራችሁ የቀረነውን እንነግራችኋለን።

የአምናውን ሽፋን ታስታውሱታላችሁ። ሰባት የኮሚቴ አባላት በሐበሻ ቀሚስ ሆነው፣ ተራ በተራ፣ አቢ ሮድ ላይ ዜብራ ሲሻገሩ የሚያሳየው ነው። ከሥሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን ጽፈንበት ነበር። ብዙዎቻችሁ ወደዳችሁት። ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁትም አላችሁ።

ሐሳቡ የመጣው ከእኛው ከሦስታችን ነው። አንዳችን እዚያው ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች። ጠዋት ሥራዋን ጨርሳ 139 አውቶቡስ ለመያዝ ስትወጣ ቱሪስቱ ስልኩን ይሰጣታል፤ «እባክሽ አንሺን» ይላታል። አራት አራት እየሆኑ ይሰለፋሉ። አንዱ ጫማውን ያወልቃል። ሾፌሮቹ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። በዝናብም፣ በበረዶም እንዲሁ ነው። በዚህ ዓይነት ከጃፓን፣ ከብራዚል፣ ከየትም የመጣ ስንቱን ሰው እንዳነሣች ቁጥሩን እሷም አታውቀውም። አንድ ቀን «ለመሆኑ ምን አለበት ይኼ ዜብራ?» ብላ ጠየቀችን። እኛም መጠየቅና ማንበብ ጀመርን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ የቀሰምነውን ነው።

ቢትልስ የሚባሉት ከሊቨርፑል የተነሡ አራት ወጣቶች ናቸው፤ ጆን ሌነን፣ ፖል ማካርትኒ፣ ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር። በስልሳዎቹ ዓመታት ከእነሱ የበለጠ ስሙ የገነነ የሙዚቃ ቡድን አልነበረም። የሚቀርጹት ደግሞ በአብዛኛው እዚሁ ለንደን፣ በአቢ ሮድ በሚገኘው የኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ ነበር። በ1969 በጋ (ቀኑን ሁሉ በፈረንጆቹ እንቆጥረዋለን) አዲስ አልበም እየጨረሱ ሳለ ስሙን ምን እንበለው የሚል ጉዳይ መጣ። የድምፅ መሐንዲሳቸው ጄፍ ኤምሪክ ኤቨረስት የሚባል ሲጋራ ያጨስ ነበር። አልበሙ «ኤቨረስት» ይባል፤ ለሽፋኑም ሂማላያ ድረስ ሄደን እንነሣ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እያደር ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ተራራ ሥር መቆሙ ታከታቸው። ለምን እደጅ ወጥተን አንነሣም፣ አልበሙንስ ለምን በመንገዱ ስም አንጠራውም ተባለ። በቃ። ለሽርሽር ብራይተን እንሄዳለን ብለን ስንት ስብሰባ ተቀምጠን በመጨረሻ ሰፈራችን መናፈሻ ውስጥ እንጀራችንን የበላን እኛ፣ ይኼን ስናነብ ሳንስቅ አልቀረንም።

ፖል በወረቀት ላይ ዜብራውንና አራት ሰዎች ሲሻገሩበት ሣለ። ሥዕሉ ልጅ የሣለው የሚመስል፣ ሰዎቹም እንጨት እንጨት የሚያህሉ ነበሩ። ፎቶ አንሺው ኢያን ማክሚላን ይባላል፤ ስኮትላንዳዊ ነው። ከዮኮ ኦኖ ጋር ቀድሞ ሠርቶ ስለነበር ጆንን ያወቀው በእሷ በኩል ነው። እሱም የፖልን ሥዕል ተቀብሎ በጥሩ ንድፍ አብራራው።

ቀኑ ዓርብ፣ ኦገስት 8 ቀን 1969 ነው። በእኛ ሲቆጠር ነሐሴ 2 ቀን 1961 ዓ.ም. ይሆናል፤ ፍልሰታ በገባ በማግሥቱ ማለት ነው። ሰዓቱ በእንግሊዝ አቆጣጠር 11፡30 ገደማ፣ ረፋዱ ላይ ነበር። ማክሚላን መንገዱ መሐል መሰላል አቁሞ ሐሰልብላድ ካሜራውን ይዞ ወጣበት። አንድ ፖሊስ መኪኖቹን ያዘለት። የተሰጠው ጊዜ አሥር ደቂቃ ያህል ነበር። አራቱ ተሻገሩ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ተሻገሩ። ማክሚላን ያነሣው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ስድስት! በዛሬ ስልክ አንድ ልጅ ኬክ ሲቆርስ ስድሳ ፎቶ ነው የምናነሣው።

ዜብራው ላይ ከመውጣታቸው በፊት አራቱ ስቱዲዮው ደጅ ላይ ሲጠብቁ ያነሣቻቸው ሌላ ሰው አለች። የፖል ባለቤት ሊንዳ ናት፤ ሙያዋ ፎቶ ማንሣት ነበር። ያን ቀን መውለጃዋ ደርሶ ነበር፤ ልጇ ሜሪ የተወለደችው ኦገስት 28፣ ሃያ ቀን ቆይታ ነው። ያን ቀን አራቱ ሲጨዋወቱ፣ ኮሌታቸውን ሲያስተካክሉ፣ መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁ የምናያቸው በሊንዳ ፎቶዎች ነው። ጽንሱም ሥራው ነበር፣ ካሜራውም ሥራው ነበር። ሕፃኗ ሜሪም አድጋ ፎቶ አንሺ ሆናለች፤ ስለዚያው ስቱዲዮ ፊልም ሠርታለች።

ወደ ስድስቱ ፎቶዎች እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ፖል ሰንደል ጫማ አድርጓል። ቀኑ ሞቃት ስለነበር አወለቀውና የቀሩትን በባዶ እግሩ ተሻገረ። የተመረጠው አምስተኛው ነው። የአራቱም እግር እኩል እንደ መቀስ ተከፍቶ የሚታየው በእሱ ላይ ብቻ ነበር። ጆን ነጭ በነጭ ለብሶ ይመራል፣ ሪንጎ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ይከተላል፣ ፖል በባዶ እግሩ ሲጋራ በቀኝ እጁ ይዞ፣ ጆርጅ በጂንስ ከኋላ። ፖል ደግሞ እርምጃው ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። ሽፋኑን ያዘጋጀው ጆን ኮሽ የሚባል ወጣት ነበር። በፊቱ ላይ የቡድኑንም የአልበሙንም ስም አልጻፈም። የሙዚቃ ኩባንያው ሰዎች ስም የሌለው ሽፋን ማን ይገዛዋል ብለው ተቆጡ። እሱ እነዚህን ሰዎች የማያውቅ የለም ባይ ነበር፤ ልክም ሆነ።

ፎቶውን ለትልቋ እህታችን አሳየናቸው። እሳቸው ስለ ቢትልስ ሰምተው አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ነጭ የለበሰው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው። ጥቁር የለበሰው ግን ለቅሶ አለበት። ይኼኛው ምነው በባዶ እግሩ? የሞተው የቅርብ ዘመዱ ነው?» አሉን። አልቀለድንባቸውም። ምክንያቱም ገና አልበሙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ አሜሪካ ያሉ ወጣቶች ያነበቡት ልክ እንደዚሁ ነበር። ፖል ሞቷል፤ በምትኩ መሳዩን አቁመውልናል ተባለ። ጆን በነጩ ቄሱ ነው፣ ሪንጎ በጥቁሩ ቀባሪው ነው፣ ጆርጅ በጂንሱ ጉድጓድ ቆፋሪው ነው፣ ባዶ እግሩን ያለው ሟቹ ነው አሉ። ፖል ግራኝ ሆኖ ሳለ ሲጋራውን በቀኙ ለምን ያዘ አሉ። ከኋላ የቆመችውን ነጭ ቮልስዋገን ሰሌዳ ሳይቀር አነበቡት። በኦክቶበር አንድ የዲትሮይት ሬዲዮ ጣቢያ ወሬውን አነሣውና አገር ምድሩን አዳረሰው። ፖል ስኮትላንድ ካለው እርሻው ሆኖ በላይፍ መጽሔት ላይ በሕይወት አለሁ ማለት ግድ ሆነበት። ቮልስዋገኗ የአንድ የሰፈሩ ነዋሪ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳዋን ሌባ እየነቀለ አስቸገረ። ኋላ ጀርመን አገር በሙዚየም ለእይታ ቀርባ ነበር።

ሰዎች ሞት የፈለጉት ካለመኖሩ ሳይሆን ስቶ ነው። በዚያ ፎቶ ውስጥ የሚሞት ነገር ነበር፤ ግን ፖል አልነበረም። እኛን የያዘን ይኼ ነው።

በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ጆርጅ ከሥራ መሐል ተነሥቶ ቡድኑን ትቶ ሄዶ ነበር፤ ከቀናት በኋላ በሽምግልና ተመለሰ። ከዚያ የገንዘብ ነገር መጣ። የቡድኑን ሀብትና ሥራ ማን ያስተዳድርልን በሚለው ተለያዩ። ሦስቱ አለን ክላይን የሚባል አሜሪካዊ ይሁን አሉ። ፖል የሚስቴ አባትና ወንድም ይሁኑ አለ፤ የክላይንን ውል አልፈርምም ብሎ ብቻውን ቀረ። ማኅበር ውስጥ የኖረ ሰው ይኼን ለመረዳት የሙዚቃ ዕውቀት አያስፈልገውም። ሦስት ለአንድ፣ አማቾች ጣልቃ የገቡበት፣ እያንዳንዱ «እኔ ለሁላችንም ብዬ ነው» የሚልበት ጠብ ነው።

እንግዲህ ኦገስት 8 ረፋድ ላይ ዜብራውን የተሻገሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። አልተጣሉም፣ ፎቶው ላይ የምታዩት ሰላም ነው፤ ውሸት አይደለም። አብረው የሠሩት አልበምም እስከ ዛሬ የሚሰማ ነው። ፎቶው ከቀትር በፊት አለቀ። ቀረጻው የሚጀምረው ከምሳ በኋላ ነበርና በመሐሉ ጥቂት ሰዓት ተረፋቸው። በዚያ ሰዓት ምን አደረጉ መሰላችሁ? ፖል ጆንን ይዞ እዚያው አጠገብ ወዳለው ቤቱ ሄደ። ጆርጅ ከረዳታቸው ጋር የአራዊት ማቆያውን ሊያይ ወጣ። ሪንጎ ዕቃ ሊገዛ ሄደ።

ከዚያ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ኦገስት 20 አራቱም በአንድ ስቱዲዮ የተገናኙበት የመጨረሻው ቀን ሆነ። ኦገስት 22 በጆን ግቢ ተሰብስበው ፎቶ ተነሡ፤ ያም የመጨረሻቸው ነው። ሴፕቴምበር 20 ጆን «እኔ ወጥቻለሁ» ብሎ ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ ነገሩ ግን ከውጭ ሰው ተደበቀ። አልበሙ ከዚያ ፎቶ ጋር ለሽያጭ የወጣው ሴፕቴምበር 26 ነው። ሕዝቡ አራቱን በአንድ መስመር ሲሻገሩ እያየ ሲገዛ፣ ቡድኑ ከፈረሰ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። መፍረሱ በይፋ የተሰማው በኤፕሪል 1970 ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ፖል ሦስቱን ጓደኞቹን ለንደን ፍርድ ቤት አቆማቸው።

የአምናውን ሽፋናችንን ስንመርጥ ይኼን ሁሉ አንብበን ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ አላወቅንም ነበር ማለት የማንችለው።

አሁን ወደ ገበናችን እንግባ። ደጋፊዎቻችን ፊት መሆኑን እናውቃለን፤ ኮሚቴውም ተናገሩት ብሎናል።

የአስቸኳይ ብድር ሣጥናችን ደንብ አለው። ያለፈ ብድሯን ያልጨረሰች አባል አዲስ አትወስድም። ደንቡን ያወጣነው ሁላችንም ነን፤ ሣጥኑን ያቆየውም እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፣ አንዲት እህታችን እናቷ አገር ቤት አረፉባት። የአውሮፕላን መሳፈሪያ ለመነች። የቀረባት ዕዳ ነበር። ገንዘብ ያዣችን ደንቡን ጠቅሰው አይቻልም አሉ። ምክትል ሰብሳቢያችን «ይኼ ደንብ እናት የለውም ወይ?» ብለው ከራሳቸው ኪስ አውጥተው ሰጧት። ለቀብር አልደረሰችም፤ ለአርባው ደረሰች። ገንዘብ ያዣችን ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠሩት። «እኔ ጨካኝ፣ እሷ ደግ ተባልን» አሉ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያልንም ነበርን። ሣጥኑን በየወሩ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የሚቆጥሩት እሳቸው መሆናቸውን፣ ለእያንዳንዳችን አይሆንም ማለት የእሳቸው ዕጣ መሆኑን ማን አሰበው? ሁለቱ ሰላምታ አቆሙ። በስብሰባ «ለሰብሳቢዋ ንገሪልኝ» እየተባባሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ።

ፎቶውን ልናነሣ አቢ ሮድ የሄድነው በዚያው ሰሞን ነው። የእሑድ ጠዋት ነበር። ሰባቱ በሁለት አውቶቡስ መጡ፤ ለምን በሁለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። እናቷ የሞቱባት እህታችንም መጣች። ጥቁር ለብሳለች። «እኔ ፎቶው ውስጥ አልገባም፣ ዕቃ እይዝላችኋለሁ» አለች። ከሰባቱ አንዷ እንደ ፖል በባዶ እግሯ መሻገር አለባት ተባለ። ገንዘብ ያዣችን ተረከዙ እግራቸውን ሲፈጃቸው ስለነበር «እኔ ልሁን» ብለው አወለቁ። ጫማቸውን የተቀበለቻቸው ያቺው ብድር የከለከሏት እህታችን ናት።

እኛ መሰላል የለንም፤ ፖሊስም የለንም። ከመካከላችን ቁመቷ የሚረዝመው መንገድ ዳር ወጥታ በስልኳ አነሣች። ሲሻገሩ፣ ሲመለሱ፣ አርባ ያህል ፎቶ አነሣን። በመጨረሻዎቹ ላይ ሰባቱ መሐል ዜብራ ላይ ሳሉ አንድ መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ መጣ። ያቺ ጥቁር የለበሰችው እህታችን ጫማውን እንደያዘች ዘላ ገባችና እጇን ወደ ሾፌሩ ዘረጋች። አቆመው። ፎቶው የተነሣው ያኔ ነው። ሰባቱም ወደ ፊት እያዩ፣ እግራቸው እኩል ተከፍቶ፣ ነጠላቸው በነፋስ ተነሥቶ፣ ከአርባው ሁሉ ያማረው እሱ ሆነ። ሁለቱ የማይነጋገሩት አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ነበሩ። ፎቶው ካለቀ በኋላ እንደ ቢትልሶቹ ሆነ፤ አንዷ በባቡር፣ አንዷ በአውቶቡስ፣ ሌሎቹ ገበያ። ሻይ እንጠጣ ያለ የለም።

ማታ ቤት ተቀምጠን ስንመርጥ ሦስታችንም እሱን አልን። ግን ዳር ላይ ያቺ ጥቁር ለባሽ አፏን ከፍታ፣ እጇን ዘርግታ ገብታበታለች። «መስመሩን አበላሸችው» አልን። ያልነው ይኼን ነው፤ ቃሉን አናሳምረውም። ቆረጥናት። ስንቆርጥ ግን እጇ የገንዘብ ያዣችንን ክንድ ስላለፈ ሙሉ በሙሉ አልወጣልንም። እጅና አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ ዳር ላይ ቀረ። ጋዜጣው ሲወጣ «ይቺ ጫማ የያዘች እጅ የማን ናት?» ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። ሳቅንና አለፍነው።

ስለ አቢ ሮድ ሽፋን ያልነገርናችሁ አንድ ነገር ቀርቷል። የጀርባውን ማለታችን ነው። ማክሚላን ለጀርባው ግንብ ላይ ያለውን የመንገዱን ስም ሊያነሣ ካሜራውን አስተካክሎ ሳለ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት በፊቱ አለፈች። መጀመሪያ ተናደደ። ኋላ ፎቶዎቹን ሲያይ ግን የመረጠው እሷ ያለችበትን ነው። ፊቷ አይታይም፤ ክንዷና ሰማያዊ ቀሚሷ ብቻ፣ እየፈጠነች ወደ ጉዳይዋ ስትሄድ። ያ ግንብ ዛሬ የለም። እሷ ግን አልበሙ በታተመ ቁጥር አብራ ትታተማለች። እኛ ይኼን አንብበን ሳንጨርስ ነው የራሳችንን የቆረጥናት።

ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ከደጋፊዎቻችን አንዱ ደብዳቤ ጻፉልን። በአንድነታችሁ ልቤ ተነካ፤ ድጋፌን ለሚቀጥለው ዓመትም አድሼአለሁ አሉን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ገንዘቡ ለእንግሊዝኛ ትምህርቱና ለልጆች መዋያው ውሏል፤ ሒሳቡ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ላይ አለ፤ በዚያ በኩል ያጎደልነው የለም። ግን ደብዳቤው በደረሰን ሳምንት ገንዘብ ያዣችን መልቀቂያቸውን አስገብተው ነበር። ከወር በኋላ ምክትሏም ተከተሉ። ለጌታው መልስ ስንጽፍ «እናመሰግናለን» ብቻ አልን። ዛሬ የቀረውን ጨምረንልዎታል፤ ይቅርታዎን እንለምናለን።

ጫማ የያዘችው እህታችን ምንም አላለችንም። ብድሯንም ጨረሰች፤ የምክትሏንም ከፈለች። ባለፈው ጥምቀት ማግሥት የጋዜጣ ክፍሉን ለማገዝ መጣችና ፖስታ ላይ አድራሻ ስትለጥፍ ቆይታ፣ «ይኼ ሽፋን አሁንም ተርፏችኋል?» አለች። አዎ አልናት። «እጄን ብቻ ለምን አስቀራችሁት? ወይ ሙሉዬን አውጡ፣ ወይ ሙሉዬን ተዉ እንጂ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ሦስታችንም የምንገባበት ጠፋን። ያን ቀን እሷ ባትዘልበት ኖሮ የአምናው ጋዜጣ ሽፋን ምን ሊሆን እንደሚችል ያሰብነው ገና ያኔ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴውን አስፈቅደን ሁለት ነገር አድርገናል። አንደኛው የብድሩ ደንብ ነው። ለሐዘን የሚሆን ትንሽ ሣጥን ለብቻው ይከፈት የሚል ሐሳብ ከሰዓት በኋላ ይቀርብላችኋል፤ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። ሐሳቡን ያረቀቁት ማን መሰሏችሁ? የቀድሞዋ ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ደውለን ስንጠይቃቸው «ያኔም ሌላ ሣጥን ቢኖር እኔ አይሆንም ባልል ደስ ይለኝ ነበር» አሉን። እንመለሳለን ግን አላሉም፤ ከምክትሏም ጋር እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም። እኛም ታርቀዋል ብለን አንጽፍም።

ሁለተኛው ፎቶው ነው። በሚቀጥለው እትማችን ጀርባ ሽፋን ላይ ሳይቆረጥ፣ ሙሉውን፣ ምሳሌያዊ አነጋገር ሳንጽፍበት እናወጣዋለን። ሁለቱ የወጡት እህቶቻችን በስልክ ፈቅደዋል። ጥቁር የለበሰችውንም እህታችንን ፈቃድ ጠይቀናታል። ለረጅም ጊዜ አየችው። አፏ ተከፍቶ መውጣቱን አልወደደችውም። ቢሆንም ይውጣ አለች፤ አንድ ነገር ግን ከሥሩ እንድንጽፍላት አዘዘችን፤ ጫማው የእሷ እንዳልሆነ።

 ቡናው ደርሷል።